አደይ አበባን በልኩ መሣል፦ የዕፅዋት ሥዕል ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ልጆች ሳለን ለእንቁጣጣሽ በየደጃፉ ይዘነው የምንዞረው ሥዕል ላይ አደይ አበባ አይጠፋም ነበር። አምስት ክብ ክብ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ አረንጓዴ መስመር፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቅጠል፤ በቃ። ሳንቲሙ ግን ይሰጠን ነበር። ያን ሥዕል ሜዳ ላይ ካለው አደይ ጋር የሚያገናኘው ቢጫነቱ ብቻ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ ቅርንጫፍ አደይ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ በኮምፓስ መለካት ስጀምር ነው። በልጅነታችን አበባውን አይተን አልሣልንም፤ ያለፈውን ዓመት ሥዕል አይተን ነው የሣልነው።

የዕፅዋት ሥዕል የሚባለው ሙያ ይህን ልማድ የሚቃወም ነው። ተክሉ ከአካባቢው ተነጥሎ፣ ባብዛኛው በነጭ ወረቀት ላይ፣ በተቻለ መጠን በእውነተኛ መጠኑ፣ የሥነ ዕፅዋት ባለሙያ አይቶ ዝርያውን ሊለይበት በሚያስችል ጥንቃቄ ይሣላል፤ የአበባ ማስቀመጫም መጋረጃም ከጀርባው አይገባም። ካሜራ ይህን ሥራ ከገበያ ያስወጣዋል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንድን ተክል በአንዲት ቅጽበት ሲይዝ፣ ሠዓሊው እንቡጡን፣ የፈካውን አበባና ከወር በኋላ የሚመጣውን ዘር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሊያቆማቸው ይችላል። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኘው ሀንት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ የአሜሪካ የዕፅዋት ሠዓሊዎች ማኅበር በ1994 ተቋቋመ፤ በለንደኑ የኪው የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ደግሞ የዕፅዋት ሥዕሎችን በምትሰበስበው በሸርሊ ሸርዉድ ስም የተሰየመ፣ ለዚሁ ሥዕል ብቻ የቆመ ማሳያ በ2008 ተከፈተ። በግንቦት 2018 (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) 25 ሀገሮች በአንድ ሰሞን የየራሳቸውን ሀገር በቀል ዕፅዋት ሥዕሎች ለሕዝብ አሳይተዋል። ለእኛ ደግሞ ከአደይ የቀረበ ሀገር በቀል አበባ የለም፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያስተምረው አንድ ቅርንጫፍ አደይን በውሃ ቀለም እንዴት እንደሚሣሉ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ አደይ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥም ዕድሜው ጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ሥዕል ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል በሙሉ የሚመራው በአንድ ሐሳብ ነው፦ አበባው በሕይወት ሳለ ማስረጃውን ሁሉ ሰብስበው ይጨርሱ፣ ሥዕሉን ደግሞ ከማስረጃው ተነሥተው ይሥሩ።

ደረጃ 1፦ ቅርንጫፉን መምረጥ

አደይ በአማርኛ አንድ ስም ይሁን እንጂ ይህን ስም የሚጋሩ ከአንድ በላይ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉም ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ሲሆን፣ ዝርያውን አሁን በሚታወቅበት ስም የሰየሙት ኢትዮጵያዊው የሥነ ዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ስለሆኑ ሳይንሳዊ ስሙ ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚል ይነበባል። ቢደንስ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ ማክሮፕቴራ ደግሞ በግሪክኛ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ጥርሱም ክንፉም የዘሩ ነው፤ አበባው ላይ አይታይም። ሱሪ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌ የሚባለው አረም የዚሁ ወገን ዘመድ ስለሆነ የጥርሱን ነገር ከእርሱ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ በመስከረም ቅርንጫፉን የቆረጡበትን ቦታ በማስታወሻዎ ይመዝግቡ፤ አበባው ረግፎ ዘሩ ሲደርስ ተመልሰው ይሂዱና ጥቂት ዘር ያምጡ። ዘር የሌለበት የአደይ ሥዕል ውብ ሊሆን ይችላል፤ «የትኛው አደይ?» ለሚል ባለሙያ ግን መልስ የለውም።

ቅርንጫፉን የሚቆርጡት በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ይሁን። ውሃ የያዘ ላስቲክ ወይም ጠርሙስ ይዘው ይሂዱና የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያው ይንከሩት፤ ቤት ሲደርሱ ጫፉን ውሃ ውስጥ እንዳለ እንደገና አጠር አድርገው ይቁረጡት። ሦስት ቅርንጫፍ በቂ ነው፦ አንዱ የሚሣል፣ አንዱ የሚፈታ፣ አንዱ በጋዜጣ መካከል የሚጠፈጠፍ። የሚሣለው ላይ ቢቻል እንቡጥ፣ ግማሽ የተከፈተ፣ ሙሉ የፈካና ምላሱ (ዙሪያውን ያለው ቢጫ «ቅጠል») መርገፍ የጀመረ አበባ አብረው ቢገኙ መልካም ነው።

እንከን የሌለበት ቅርንጫፍ ለማግኘት ግማሽ ቀን ማባከን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1982 የኖረው ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ሮሪ መክዌን በሕይወቱ ማብቂያ አካባቢ የሣላቸው፣ ከመንገድ ያነሣቸው የረገፉና የተበሱ ነጠላ ቅጠሎች ናቸው፤ በሰፊ ባዶ ብራና መካከል አንድ የጠወለገ ቅጠል ብቻ ይታያል። የዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ከእርሱ የወረሱት ዋና ነገር ተክል ሁሉ የራሱ ገጽታ ያለው ግለሰብ ነው የሚለውን አስተያየት ይመስለኛል። ትል የበላው ቅጠል ካለ እንዳለ ይሣሉት።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎቹ

ወረቀቱ ላይ አይቆጥቡ፤ ሌላው ሁሉ በርካሽ ሊታለፍ ይችላል። የሚያስፈልገው መቶ በመቶ ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ በጋለ ብረት ተጭኖ ገጹ የለሰለሰ የውሃ ቀለም ወረቀት ነው። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚገኘው ሸካራ የውሃ ቀለም ወረቀት ለመልክዓ ምድር ሥዕል ቢስማማም የአደይን ምላስ ጠርዝ ግን ይቆራርጠዋል። ለስላሳው ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ የሚገኝ ስለሆነ አንዱን ትልቅ ሉህ ለአራት መቁረጥ ብልህነት ነው።

ብራናን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መክዌንን ተከትለው በብራና ላይ የሚሥሉ ብዙ የዘመኑ ሠዓሊዎች አሉ፤ እኛ ደግሞ ብራና የሚፍቁ እጆች ያሉን ሕዝብ ነን። ሆኖም ብራና ውሃ ሲበዛበት ይኮማተራል፣ ቀለሙን ወደ ውስጥ አይመጥም፣ እያንዳንዱን ምት በደረቅ ብሩሽ ማስቀመጥ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ሥዕልዎን በእርሱ ላይ እንዲሞክሩ አልመክርም።

ብሩሽ ሁለት ይበቃል፤ አንድ ቁጥር 4 ወይም 6 ለስስ ቅብ፣ አንድ ቁጥር 2 ለዝርዝር። ዋናው ጉዳይ ጫፉ ነው፦ ውሃ ነክረው ሲያራግፉት ወደ አንድ ሹል ካልተሰበሰበ ይተዉት። ከዚህ ሌላ 2ኤች እና ኤችቢ እርሳስ፣ እንደ ሊጥ የሚታሸው ለስላሳ ላጲስ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሁለቱም እግሩ ሹል የሆነ ኮምፓስ፣ ነጭ የሸክላ ሳህንና ሁለት የውሃ ብርጭቆ ያዘጋጁ።

ስለ ቀለም ትንሽ ላብራራ፤ አደይ ቢጫ ስለሆነ ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቢጫ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ወደ ሎሚ የሚያደላ፣ ሌላው ወደ እንቁላል አስኳል የሚያደላ። ሁለቱም ብርሃን የሚያሳልፉ እንጂ ወረቀቱን የሚደፍኑ መሆን የለባቸውም፤ የካድሚየም ቢጫ ደማቅ ቢሆንም ደፋኝ ነው። በቱቦው ላይ የተጻፈውን የቀለም መለያ ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። ፒ.ዋይ. (PY) 154 የሚል ከሆነ ብርሃን የሚቋቋም ነው፤ ፒ.ዋይ. 40 ማለትም ኦሪዮሊን ከሆነ ግን በጊዜ ብዛት ወደ ግራጫማ ቡኒ ስለሚለወጥ ይለፉት። በተጨማሪ አንድ ኩዊናክሪዶን ሮዝ፣ አንድ አልትራማሪን ሰማያዊና አንድ የተቃጠለ ሲየና (ቀላ ያለ ቡኒ) ይበቃል። ጥቁርና ነጭ ቀለም አይግዙ። ነጩ ወረቀቱ ነው።

ደረጃ 3፦ ብርሃንና አቀማመጥ

ከአውሮፓ የመጡ መመሪያዎች ሁሉ «በሰሜን መስኮት አጠገብ ይቀመጡ» ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ ወደ ሰሜን መስኮት እምብዛም ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መግቢያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ደግነቱ አደይ ሲፈካ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምትሻገር በመስከረም የሰሜኑ መስኮት ይሠራል። በሐምሌ ሌላ ተክል የሚሥሉ ከሆነ ግን ወደ ደቡቡ መስኮት ይዙሩ። በቀኝ እጅ የሚሥል ሰው ብርሃኑ ከግራ በላይ እንዲመጣለት ያድርግ፤ የእጁ ጥላ ሥራው ላይ አይወድቅበትም።

ቅርንጫፉን አንገቱ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ያቁሙና ከጀርባው ነጭ ወረቀት ያስደግፉ። ዓይንዎ ከአበባው ጋር በእኩል ከፍታ ይሁን። ሁሉም አበባ ፊቱን ወደ እርስዎ እንዲያዞር አያስገድዱ፤ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከጀርባ ቢታይ ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ ማቀፊያ ይታያል። በቢደንስ ወገን ይህ ማቀፊያ ሁለት ዙር ነው፤ የውጪው ቅጠል መሰል አረንጓዴ ሲሆን የውስጡ ስስና ሽፋን መሰል ነው፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ከፊት ብቻ የተሣለ አደይ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

ተክል ይንቀሳቀሳል። ግንዱ በአንድ ሌሊት ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ እንቡጡ ይከፈታል፣ የፈካው ምላሱን ወደ ታች ይጥላል። ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ለአበባው ነው፤ ቅጠሉ ለሁለተኛው ቀን ይቆያል፤ ግንዱ ከሁሉም በላይ ይታገሣል።

ደረጃ 4፦ አበባውን ፈትቶ ማየት

አንዱን አበባ ነቅለው ሳህን ላይ በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። እኛ አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ ብዙ ትናንሽ አበቦች በአንድ መቀመጫ ላይ የተሰበሰቡበት ነው። ዙሪያውን የሚታዩት ቢጫ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፤ ቅርጻቸው ምላስ ስለሚመስል በዚህ ጽሑፍ ምላስ እላቸዋለሁ። ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘር የሚሰጡት በእምብርቱ ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ቱቦ መሰል ጥቃቅን አበቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቱቦ ጫፉ ላይ አምስት ቦታ የተከፈለ ነው። የሚፈኩትም ከውጪው ዙር ጀምረው ወደ መሃል ነው፤ በአንድ እምብርት ላይ የዳሩ ሲፈካ የመሃሉ ገና ዝግ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያየ ሰው እምብርቱን ብርቱካናማ ነጥብ አድርጎ ሊሥለው አይችልም። አንድ ምላስና አንድ ቱቦ በመቆንጠጫ ለይተው ያውጡና በማስታወሻዎ ላይ አሥር እጥፍ አጉልተው ይንደፏቸው፤ ምን ያህል እጥፍ እንዳጎሉት ከጎኑ ይጻፉ። ምላሶቹን ይቁጠሩ፤ የአንዱን ብቻ ሳይሆን የአምስት ስድስት አበባ። ቁጥራቸው ከአበባ አበባ ይለያይ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የምላሱ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጥርሶች፣ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄዱትን ስስ መስመሮችም እንዲሁ ይመዝግቡ። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተሣለ ተክሉ አደይ መሆኑ ይቀራል።

ደረጃ 5፦ መለካትና መንደፍ

ንድፉን በርካሽ ወረቀት ላይ ይሥሩ። ኮምፓሱን ከፍተው የአንዱን ምላስ ርዝመት ሥሩና ጫፉ ላይ አሳርፈው ይያዙና ያንኑ ልክ ሳይቀይሩ ወረቀቱ ላይ ይንኩ፤ ሁለት ነጥብ አገኙ። ሥዕሉ ከአበባው ጋር አንድ ለአንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። እንዲህ እያሉ የእምብርቱን ስፋት፣ ከአበባ ወደ አንጓ ያለውን ርቀት፣ የግንዱን ውፍረት ይውሰዱ።

ችግር የሚመጣው አበባው ዘንበል ሲል ነው። ዘንበል ያለ አበባ ላይ ወደ እርስዎ የሚመጡት ምላሶች ከእውነተኛ ርዝመታቸው አጥረው ይታያሉ፤ ኮምፓሱ አበባው ላይ አርፎ የሚነግርዎት ግን እውነተኛውን ርዝመት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ክንድዎን ዘርግተው፣ እርሳሱን እንደ መለኪያ ይያዙና የሚታየውን ልክ ይውሰዱ። በቅድሚያ አበባው የሚገባበትን ጠፍጣፋ ሞላላ ክብ፣ ከውስጡ ደግሞ የእምብርቱን ትንሽ ሞላላ በስሱ ይንደፉ፤ ትንሹ ሞላላ ብዙ ጊዜ በትልቁ መሃል ላይ አያርፍም፣ እምብርቱ ጉብ ያለ ስለሆነ ከፍ ይላል። ከዚያ ምላሶቹ ከእምብርቱ ሥር እንዴት እንደሚነሡ ይከተሉ። እያንዳንዱ ምላስ የት እንደሚበቅል ሳይታይ ጫፉ ብቻ የሚሣልበት ልማድ አለ፤ አበባው የተሰባበረ ጃንጥላ የሚመስለው ያኔ ነው። የተደበቀውንም ክፍል በስስ መስመር ያገናኙትና በኋላ ያጥፉት።

በምላሶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ መሣል ደግሞ ከምላሱ ከራሱ ይበልጥ ያስተማምናል። ምላስን «አውቀዋለሁ» እንላለን፤ ክፍተቱን ግን ስለማናውቀው እንዳለ እናየዋለን።

ደረጃ 6፦ የቀለም ማስታወሻ

ንድፉ እንዳለቀ ያንኑ ቀን የቀለም ማስታወሻ ያዘጋጁ። ከምላሱ ጫፍ፣ ከሥሩ፣ ከጥላው፣ ከእምብርቱ፣ ከቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ከግንዱ የሚገጥሙ ትናንሽ የቀለም ካሬዎችን በዚያው ጥሩ ወረቀት ቁራጭ ላይ ይቀቡና ሲደርቁ ከተክሉ አጠገብ አስጠግተው ያወዳድሩ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚደበዝዝ በእርጥቡ አይፍረዱ። ከእያንዳንዱ ካሬ ሥር ምን ከምን እንደተቀየጠ ይጻፉ።

በብራዚል የኖሩት እንግሊዛዊት ሠዓሊ ማርጋሬት ሚ ሌሊት ብቻ የሚፈካውን የአማዞን ቁልቋል አበባ ለማየት ዓመታት ተመላልሰው፣ በግንቦት 1988 እ.ኤ.አ.፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጀልባ ላይ ሆነው በአንዲት ሌሊት ነድፈውታል። አበባው እስኪነጋ ነው ዕድሜው፤ ንድፉንና የቀለም ማስታወሻውን በሌሊት ይዘው ሥዕሉን በኋላ ከዚያ ተነሥተው ሠሩት። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በመኪና አደጋ አረፉ። ለእኛ አደይ ሦስትና አራት ቀን መስጠቱ ሲታሰብ ብዙ ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ጥሩው ወረቀት ማዛወር

ንድፉን መስኮት ላይ ለጥፈው ጥሩውን ወረቀት ከላይ በማድረግ በ2ኤች እርሳስ በስሱ ይገልብጡ። በአረንጓዴ ሥር የቀረ እርሳስ አይታይም፤ በቢጫ ሥር ግን የቀረ እርሳስ ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል፣ ቀለም ከለበሰ በኋላ ደግሞ ላጲስ አይነሣውም። ስለዚህ የምላሶቹን መስመር በሚታሸው ላጲስ ደጋግመው በመጫን ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ያደብዝዙት። ካርቦን ወረቀት በፍጹም አይጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ ቢጫው

የመጀመሪያ አደዬን ያበላሸሁት ጥላው ላይ ነው። ምላሶቹን በደማቅ ቢጫ ሞልቼ፣ የታችኞቹ ላይ ጥላ ይሁንልኝ ብዬ ቢጫው ውስጥ ጥቂት ጥቁር ጨመርኩ፤ ሲደርቅ ግማሹ አበባ የወይራ ቅጠል መሰለ። ቢጫና ጥቁር ሲቀላቀሉ አረንጓዴ እንደሚሰጡ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሰማያዊ ብቻውንም እንዲሁ ያደርጋል። ቢጫን ሳያረክስ የሚያጨልመው በቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊቱ ያለው ሐምራዊ ነው። ሮዙንና አልትራማሪኑን ቀይጠው ሐምራዊ ይሥሩ፣ ከእርሱ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ወስደው ወደ ቢጫው ይጨምሩ፤ ሞቅ ያለ ግራጫማ ወርቅ ይሰጥዎታል። ወደ አረንጓዴ ካደላ ሮዝ ይጨምሩ፣ ወደ ብርቱካን ካደላ ሰማያዊ። ይህን ቅይጥ በሦስት ደረጃ አቅጥነው አስቀድመው ያዘጋጁ።

አሁን አንድ ምላስ ብቻ ይያዙ። በንጹሕ ውሃ ከጠርዙ ሳይወጡ ያርጥቡት፤ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ሳይሆን እንደ ላበ ፊት ወዝ ያለው ሲሆን የሎሚ ቢጫውን በጣም አቅጥነው ከሥሩ ወደ ጫፉ ይልቀቁት፣ ብርሃን የሚመታበትን ቦታ ወረቀቱ እንዳለ ይተዉት። ይድረቅ። እጅዎን ገልብጠው በጀርባው ሲነኩት ቅዝቃዜ ካለው አልደረቀም። ሲደርቅ ሁለተኛውን፣ አስኳል የሚመስለውን ቢጫ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ሲሶው ይጨምሩና ጠርዙን በእርጥብ ንጹሕ ብሩሽ ያሟሙት። በሦስተኛው ዙር ከላይኛው ምላስ ሥር የሚወድቀውን ጥላ በቀጭኑ ግራጫማ ወርቅ ያስቀምጡ። በመጨረሻ ብሩሹን በሶፍት አድርቀው፣ ጫፉን ብቻ ቀለም አስነክተው፣ ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄዱትን መስመሮች ይሥሩ፤ ሁሉንም አይደለም፣ ጥላ ባለበት በኩል ያሉትን ብቻ። አንድ ሲደርቅ ከጎኑ ያለውን ሳይሆን በፊት ለፊቱ ያለውን ምላስ ይጀምሩ፤ ጎረቤቱን ከጀመሩ ቀለሙ ይፈስበታል።

ቢጫ በነጭ ወረቀት ላይ ጠርዙ ይጠፋል፤ ጀማሪ ሁሉ በዚህ ጊዜ ዙሪያውን በቡኒ መስመር ያጥረዋል። ይህን አያድርጉ። ብርሃን የሚመታው ጠርዝ ቢጠፋም የተመልካች ዓይን ይሞላዋል፤ የግድ መለየት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ከኋላው ጠቆር ያለ ቅጠል ወይም እንቡጥ እንዲያልፍ ንድፉ ላይ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። እኔ ንድፍ ስሠራ ከቅጠሎቹ አንዱን ሁልጊዜ ከዋናው አበባ ጀርባ የማሳልፈው ለዚህ ነው።

እምብርቱን ከጥላው ይጀምሩ፦ በቱቦዎቹ መካከል ያሉትን ጥቃቅን ጨለማ ቦታዎች በተቃጠለ ሲየናና በሐምራዊ ቅይጥ ነጥብ ነጥብ ያድርጉ፣ የቱቦዎቹ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይቅር።

ደረጃ 9፦ ቅጠሉና ግንዱ

ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ብቻውን ፕላስቲክ ይመስላል። ለአበባው የተጠቀሙበትን ቢጫ ከአልትራማሪን ጋር ቀይጠው ትንሽ ሮዝ ቢጨምሩበት አረንጓዴው ከአበባው ጋር የአንድ ተክል ይሆናል። የመጀመሪያው ቅብ በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ይሁን፤ የቅጠሉ ገጽ ከሰማይ የሚቀበለው ብርሃን እርሱ ነው። በላዩ ላይ አረንጓዴውን ሲደርቡ የቅጠሉን ደም ሥሮች ቀለም ሳያስነኩ ያልፏቸዋል እንጂ በኋላ በነጭ አይሥሏቸውም። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ስለሆነ እያንዳንዱን ስንጣቂ እንደ አንድ ትንሽ ቅጠል መያዝ ሥራውን ያቀልላል። ግንዱ በአንድ በኩል ብርሃን፣ በሌላው ጥላ፣ ከጥላው ዳር ደግሞ ስስ የብርሃን ጭረት አለው፤ ያቺ ጭረት ከተረሳች ግንዱ ጠፍጣፋ ሪባን ይሆናል።

በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሲልያ ሮሰር የተባሉት ሠዓሊ ባንክሲያ የተባለውን ወገን ዝርያዎች በሙሉ ለመሣል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ በኋላ አንድ አዲስ ዝርያ በስማቸው ተሰይሟል። ቅጠሉ ላይ ሲሰለቹ ይህን ያስታውሱ፤ እኔ እስካሁን የማስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 10፦ ስሙ፣ ፊርማውና ናሙናው

ሥዕሉ ሲያልቅ ከሥሩ በእርሳስ ሳይንሳዊውንና የአማርኛውን ስም፣ የተሰበሰበበትን ቦታና ቀን ይጻፉ። ስለ ዝርያው እርግጠኛ ካልሆኑ ቢደንስ ብቻ ብሎ ማቆም ነውር አይደለም። በጋዜጣ የጠፈጠፉትን ሦስተኛ ቅርንጫፍ ጋዜጣውን በየቀኑ እየቀየሩ ያድርቁት፤ ከዘሩ ጋር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ቢወስዱት ከተሰበሰቡት ናሙናዎች ጋር ማመሳከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዘርዝር በ2009 ሲጠናቀቅ አደይ ያለበትን ቤተሰብ የያዘውን ክፍል የጻፉት እኒያው መስፍን ታደሰ ናቸው።

ፊርማዎን አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1770 ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር ጎንደር የገባው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሀገራችንን ዕፅዋት፣ ኮሶን ጨምሮ፣ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ሥሏል፤ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ ነበር ያቀረባቸው። የባሉጋኒ መሆናቸው የተመሰከረው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

ሥዕሉን ፎቶ የሚያነሡት ደመና ባለበት ቀን በደጅ፣ ከጥላ ሥር ይሁን፤ ስካነር ቀጭኑን ቢጫ ብዙ ጊዜ ወደ ነጭነት ይውጠዋል። ዋናውን ግን ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የቀለም ማስታወሻውን ወረቀትም አይጣሉ፤ ለሚቀጥለው መስከረም ቅይጡን ከእርሱ ላይ ያነብቡታል።